ከማያውቁት ሰው ጋር መሳቅ፦ ከጨለለቂ ጠጅ ቤት እስከ «ዋርካ»

1. መግቢያ

በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ስድስት ኪሎ አካባቢ ከነበሩት የኢንተርኔት ቤቶች በአንዱ ተቀምጬ ለማላውቀው ሰው የትውልድ ሰፈሬን ስም ጻፍኩለት። መድረኩ በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ኢትዮጵያውያን በቅጽል ስም እየገቡ የሚጨዋወቱበት ነበር። «የየት ሰፈር ልጅ ነህ?» ብሎ ለጠየቀኝ ሰው «የጨለለቂ» አልኩት። ጨለለቂ በነቀምት ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። የኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒዩተር የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ስላልነበረው የጻፍኩት በላቲን ፊደል ነበር። ላቲንን መጀመሪያ የተማርኩት በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የአጻጻፍ ሥርዓት ስለሆነ፣ «ጨ»ን ያሰፈርኩት «ሲ» በምትባለው ፊደል ነው። ቁቤ የማያውቀው ሰው ግን «ሲ»ን እንደ «ከ» አነበባትና ሰፈሬ «ካላላቂ» ሆነችበት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ካላለቀማ ምን አስቸኮለህ? ሲያልቅ ትነግረናለህ።»

ለብቻዬ ስስቅ ከጎኔ የተቀመጠው ተማሪ ዞሮ አየኝ። የሳቅሁበት ምክንያት ቃሉ ብቻ አልነበረም። መልኩን የማላውቀው፣ የት አገር ሆኖ እንደሚጽፍ እንኳ ያልገባኝ ሰው የሰፈሬን ስም አንስቶ ሌላ ትርጉም አልብሶ መልሶልኛል። ለእኔ የቦታ ስም የነበረው ለእሱ ግሥ ሆኗል። በቅኔ ትምህርት ኅብረ ቃል የምንለውን ነገር፣ ሁለታችንም ሳናስበው፣ በሁለት የአጻጻፍ ሥርዓቶች መጋጨት ምክንያት በጋራ ሠርተነዋል።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው ከማያውቁት ሰው ጋር መቀለድና ሐሳብ መለዋወጥ ኢንተርኔት ያመጣው አዲስ ነገር አለመሆኑን ነው። ለዚህ ልማድ በየዘመኑ መድረክ ነበረው፤ በየመድረኩም ያልተጻፈ ሕግ ነበረ። የሕጉ ዋና ምሰሶ ቀላጁም ተቀላጁም አልነበሩም፤ በመካከላቸው የተቀመጠው ሦስተኛው ሰው ነበር። ጠፋ የምንለው ጨዋነት፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የጠፋው ከዚህ ሰው ወንበር ጋር ነው። ለዚህ ማስረጃ የማቀርበው ከታወቁ የታሪክ ጉዳዮች ባሻገር ራሴ ያየሁትንና ራሴ ያጠፋሁትን ነው።

2. የብርሌው ሕግ

አክስቴ ጨለለቂ ውስጥ ጠጅ ቤት ነበራቸው። ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ በደሌና ወደ ቡሬ የሚሄዱ መንገዶች የሚገናኙባት ከተማ ናት። በዚህም ምክንያት ጠጅ ቤቱ የሚሞላው በሰፈር ሰው ብቻ አልነበረም። የቡና ነጋዴ፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ አዲስ የተመደበ መምህር፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ከገጠር የመጣ ገበሬ ፊት ለፊት በተደረደሩት ረጃጅም አግዳሚዎች ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቀመጡ ነበር። ማታ ማታ ብርሌ አጣቢ ሆኜ የሰማሁትን ያህል በትምህርት ቤት መስማቴን እጠራጠራለሁ።

በዚያ ቤት ቀልድ ሦስት ደንቦች ነበሩት። ማንም በግድግዳ ላይ አልለጠፋቸውም፤ ሁሉም ግን ያውቃቸው ነበር። አንደኛው፣ እንግዳ የመጀመሪያ ብርሌውን ሳይጨርስ አይቀለድበትም። ሁለተኛው፣ በሰው ላይ መቀለድ የፈለገ አስቀድሞ በራሱ ላይ ይቀልዳል። ሦስተኛው፣ ቀልዱ ያለቦታው ወድቆ የሰው ፊት ካጠቆረ፣ ቀላጁ ለተቀየመው ሰው አንድ ብርሌ ይከፍላል። «ጠቁሯል» ወይም «አልጠቆረም» ብሎ የሚፈርደው ግን ቀላጁ አልነበረም፤ የተቀየመውም አልነበረም። በመካከላቸው የተቀመጠው ሰው ነበር። እሱ ሲያመነታ አክስቴ ከመቅጃቸው ቀና ብለው ያዩና «ክፈል!» ይሉ ነበር። ይግባኝ የለም።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። በኦሮምኛ ሁለት «ለማ» ነው። አንድ ምሽት ከቡሬ መስመር የመጣ ኦሮምኛ የማይሰማ ሾፌር ገብቶ ተቀመጠ። የሰውዬው ስም ከዚሁ ቃል ጋር አንድ ኖሮ፣ ደንበኞች ሁለት ብርሌ ለማዘዝ «ለማ!» ባሉ ቁጥር «አቤት!» ይላል። ሰዉ ሳቁን ዋጠ፤ እንግዳው ገና የመጀመሪያ ብርሌውን አልጨረሰምና። በአራተኛው ጥሪ ላይ ከጎኑ የነበሩት ሽማግሌ ነገሩን በጆሮው ነገሩት። ሾፌሩ ብድግ ብሎ፣ «እባካችሁ ከእንግዲህ ሦስት ሦስት እዘዙ፤ አቤት ስል ጉሮሮዬ ደረቀ!» አለ። ቤቱ ያን ጊዜ በሳቅ ፈረሰ። ልብ ሊባል የሚገባው ሰዉ የሳቀው መቼ እንደሆነ ነው። እንግዳው ራሱ በራሱ ላይ ቀልዶ በሩን እስኪከፍት ድረስ ማንም አልገባበትም። የሽማግሌው ድርሻ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጣል። በእሳቸው ሹክሹክታ ባይሆን ኖሮ ያ ሰው መሳቂያ ሆኖ ይወጣ ነበር እንጂ አብሮ ሳቂ አይሆንም ነበር።

እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ራድክሊፍ ብራውን በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ታዋቂ መጣጥፍ፣ በብዙ የአፍሪካ ማኅበረሰቦች ውስጥ «የቀልድ ዝምድና» መኖሩን አስረድቷል። በዚህ ዝምድና አንዱ ወገን በሌላው ላይ መቀለድ ይፈቀድለታል፤ አንዳንዴም ይገደዳል። ሌላው ደግሞ ያለመቀየም ግዴታ አለበት። ይሁን እንጂ የእሱ ተቀላላጆች በአብዛኛው በጋብቻ ወይም በጎሳ የተሳሰሩና እርስ በርስ የሚተዋወቁ ናቸው። የጠጅ ቤቱ ሰዎች ግን ነገ በአንድ መንገድ ላይ እንኳ ላይገናኙ ይችላሉ። በመሆኑም ያለመቀየም ግዴታ ሊጣልባቸው አይችልም። በዚህ ግዴታ ቦታ የተተካው ካሣው ነው። ዘመድ «አትቀየም» ይባላል፤ ለእንግዳ ግን ብርሌ ይከፈላል።

ከማያውቁት ጋር ቃል መለዋወጥ ሕግ እንዳለው ሌላውም የአገራችን ልማድ ይመሰክራል። በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ የሚለዋወጡት ዳጉ ወሬን በእውነት የማድረስ ግዴታን ያስከትላል። በኦሮሞ ባህል በኦዳ ዛፍ ጥላ ሥር በሚደረግ ጉባኤ ተናጋሪ ተራውን ጠብቆ ይናገራል፤ አንዱ ታላቅ ኦዳ፣ ኦዳ ቡሉቅ፣ በዚያው በወለጋ ምድር በሆሮ ጉዱሩ ይገኛል። በዛፍ ሥር ለሸንጎ መቀመጥ በአማራውም አገር የቆየ ልማድ ነው። በዚያ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ተናጋሪም ሆነ አድማጭ፣ ለሰማው ነገር ምስክር ነው።

3. ባለቤት ያለው ቀልድና ባለቤት የሌለው ቀልድ

ለማያውቁት ሰው የሚነገር ቀልድ አንድ ችግር አለበት። ተናጋሪው የአድማጩን ማንነት ስለማያውቅ ቃሉ ምን እንደሚያስከትልበት አስቀድሞ መገመት አይችልም። ሥነ ቃላችን ለዚህ ችግር ልዩ ልዩ መፍትሔዎችን ሰጥቷል።

አንደኛው መፍትሔ ቀልዱን ለታወቀ ሰው መስጠት ነው። አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት የኖሩ ሊቅ፣ «የተክሌ» ለሚባለው የአቋቋም ስልት መገኘት ስማቸው የሚነሣ ባለሙያ ነበሩ። ሕዝቡ ግን ከሊቅነታቸው ይልቅ በቀልዳቸው ያውቃቸዋል። የእሳቸው ያልሆነ ብዙ ቀልድም በስማቸው ይነገራል። ይህ የሚሆነው በስህተት ብቻ አይመስለኝም። ጨለለቂ ላይ ያልኖሩት አለቃ በአክስቴ ጠጅ ቤት ከማንኛውም ደንበኛ ይበልጥ ይናገሩ ነበር። በሹም ወይም በካህን ላይ መናገር የፈለገ ሰው «አለቃ ገብረ ሐና እንዲህ አሉ» ብሎ ይጀምራል። ቀልዱ ቢከፋ የሚጠየቁት አለቃ ናቸው፤ አለቃ ደግሞ ሞተዋል። ስማቸው ለሕያዋን ጋሻ ሆኖ አገልግሏል።

ሁለተኛው መፍትሔ የአዝማሪው «ተቀበል» ነው። አድማጩ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ተቀብሎ በራሱ ድምፅ ያወጣዋል። አስተያየቱ የአድማጩ፣ ድምፁ የአዝማሪው በመሆኑ፣ ቃሉ ከሁለቱም እጅ በከፊል ወጥቷል። የቤቱ ታዳሚ ግን ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ እንደነበረ አይቷል። ስለዚህ ጭምብል አለ፤ ጭምብሉን የሚያውቅ ታዳሚም አለ።

ሦስተኛው መልክ መፍትሔ ለማለት ያስቸግራል። በደርግ ዘመን፣ ከ1966 እስከ 1983 ዓ.ም.፣ የፖለቲካ ቀልድ ባለቤት አልነበረውም። «እንዲህ አሉ» የሚለው ቀርቶ «እንዲህ ይባላል» ሆነ። አክስቴ ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደግሙ ነበር፦ «ጠጁስ ይሸጥ ነበር፤ ጨዋታው ግን አልነበረም።» በር ተከፍቶ እንግዳ ሲገባ የተጀመረው ቀልድ በግማሹ ይቆረጣል፤ እንግዳው ጆሮ ጠቢ ሊሆን ይችላልና። በሌላው ዘመን ተናጋሪውንና ተቀያሚውን ያስታርቅ የነበረው ሦስተኛ ሰው በዚህ ዘመን የሚፈራ ሰው ሆነ። ቀልዱ አልሞተም፤ ከጠጅ ቤት ወጥቶ በሚተማመኑ ሰዎች መካከል ብቻ ይንሾካሾክ ጀመር። ከማያውቁት ጋር መሳቅ ግን ቀረ። የአንድን ሥርዓት ጭቆና ለመለካት ከተጻፈው ይልቅ እንግዳ ሲገባ የተቆረጠው ቀልድ ይበልጥ የሚነግረን ይመስለኛል።

4. ከአገር ርቆ የተሰበሰበ ጨዋታ

ከአገራቸው የራቁ፣ ከተለያየ ቀዬ የመጡ ሰዎች በአንድ ቦታ ተሰብስበው በቃልና በጽሕፈት መጨዋወታቸውም በኢንተርኔት አልተጀመረም። ለወለጋ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የቅርብ ምሳሌ የሚሆነን በምፅዋ አጠገብ የነበረው የእምኩሉ የስዊድን ሚሲዮን ጣቢያ ነው። በልጅነታቸው ተሽጠው ከባርነት ነፃ የወጡ ኦሮሞዎች በዚያ ተሰባስበው ይማሩ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ከእነዚህ መካከል ናቸው። በ1894 እ.ኤ.አ. በዚያው ያሳተሙት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ተረትን፣ ምሳሌያዊ አነጋገርን፣ እንቆቅልሽንና ዘፈንን የያዘ ሲሆን፣ የቃል ጥበቡን በመሰብሰብ በኩል ትልቁ ድርሻ የአስቴር ጋኖ ነበር።

ይህን መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ የምናየው በቋንቋ ታሪክ በኩል ነው። እኔ ግን በሌላ ዐይን እንድናየው እጋብዛለሁ። እንቆቅልሽ ጠያቂና መላሽ የሚፈልግ ጨዋታ ነው። በእኛ ግቢ በአማርኛ «እንቆቅልህ፤ ምን አውቅልህ» እያልን፣ በኦሮምኛም «ሂቦ» ብለን ጀምረን እንጫወት ነበር። በሁለቱም መልሱን ያጣ አገር ይሰጣል። «ነቀምትን ሰጥቼሃለሁ» ማለት የተለመደ ነበር፤ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ተቀብሎ መልሱን ይናገራል። ተሸናፊ አንድ ነገር ያጣል፤ አሸናፊም መልሱን የመግለጥ ዕዳ አለበት። አገሯን በልጅነቷ በግፍ የተነጠቀች ሴት ተሸናፊ አገር የሚሰጥበትን ጨዋታ በባዕድ ምድር ሰብስባ በጽሑፍ አኖረችው። ከአገሩ ርቆ ለማያውቀው የአገሩ ልጅ የሚጽፍ ሁሉ፣ ዛሬም ቢሆን፣ የዚህች ሴት ወራሽ ነው። ኦነሲሞስ በ1899 እ.ኤ.አ. ኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ካሳተመ በኋላ፣ በ1904 እ.ኤ.አ. ከአስቴር ጋር ነቀምት ደርሶ ማስተማር ጀመረ፤ በዚያም በ1923 ዓ.ም. አረፈ።

እዚህ ላይ ለኋላው ክርክሬ የሚያስፈልገኝ አንድ ነጥብ አለ። ማንበቢያውም ሆነ መጽሐፍ ቅዱሱ የታተሙት በግዕዝ ፊደል ነበር። በደርግ ዘመን ይወጣ የነበረው «በሪሳ» ጋዜጣም ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል ነበር የሚያትመው። ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ቁቤ በትምህርት ቤት ገባ። እኔ የዚያ ትውልድ ነኝ። የአያቶቼ ትውልድ ኦሮምኛን በግዕዝ ፊደል ሲያነብ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ በኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ አማርኛን በላቲን ፊደል ጻፍኩ።

በአማርኛም በኩል የጋዜጣ ገጽ ለማይተዋወቁ ሰዎች የመነጋገሪያ ሜዳ ሆኖ ቆይቷል። በ1917 ዓ.ም. የተጀመረው «ብርሃንና ሰላም» የዘመኑ ምሁራንና አንባብያን አስተያየታቸውን የሚገልጹበት ነበር። በ1933 ዓ.ም. የተቋቋመው «አዲስ ዘመን»ም ለአንባብያን ደብዳቤ ቦታ ሰጥቷል። ጸሐፊው የብዕር ስም ቢጠቀም እንኳ በእሱና በአንባቢው መካከል አዘጋጁ ተቀምጧል። አዘጋጁ አንዳንዴ ሳንሱር ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ እንደ አክስቴ «ክፈል!» የሚል ዳኛ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት ለጋዜጣ ታሪክ አጥኚዎች የሚተው ሥራ ነው።

5. «ዋርካ»

ኢትዮጵያ ውስጥ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ግን ከዚያ አስቀድሞ በኮምፒዩተር መረብ መወያየት ጀምረው ነበር። የመጀመሪያው ችግራቸው ፊደል ነበር። አንዱ የጻፈው አማርኛ በሌላው ኮምፒዩተር ላይ ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይወጣል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» በሚል አሕጽሮት የሚታወቀውን፣ ግዕዝን በላቲን የመወከያ ሥርዓት ያዘጋጁት ለዚህ ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፊደል «ዩኒኮድ» በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መደብ ውስጥ ሲገባ፣ አማርኛን በራሱ ፊደል በየትኛውም አገር ማንበብ ቀስ በቀስ የሚቻል ሆነ።

ከእነዚህ መድረኮች አንዱ፣ «ሳይበር ኢትዮጵያ» የተባለው ድረ ገጽ ያዘጋጀው የአማርኛ የመወያያ መድረክ፣ «ዋርካ» ተብሎ ተሰየመ። ይህ ስም ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ብዙ ይናገራል። መሥራቾቹ አዲሱን ነገር በአዲስ ስም አልጠሩትም፤ ሰዎች ከፀሐይ ተጠልለው በሚሸነጉበት ዛፍ ጠሩት። ኦዳም ዋርካም ከአንድ የዛፍ ዘር ናቸው። በስያሜው ውስጥ ተስፋ አለ፤ ጥላው አብሮ ይመጣል የሚል ተስፋ።

ከዛፉ አብሮ የመጣው ብዙ ነው። ሙግት መጥቷል፤ ተረብ መጥቷል፤ ግጥም ጽፎ «እስቲ መልሱልኝ» ማለትና በግጥም መመለስ መጥቷል። በአዝማሪ ቤት «ተቀበል» የሚባለው በጽሑፍ ቀጥሏል። ቅጽል ስሙም እንደ ብዕር ስም አገልግሏል። ይህ ሁሉ በጥንቃቄ ሊሰበሰብና ሊጠና የሚገባው ሥነ ጽሑፍ ነው። ያልመጣው ግን አግዳሚው ነው። በአግዳሚ ላይ የተቀመጠ ሰው ከጎኑ ያለውን ሰው ፊት ያያል፤ መጥቆሩን ያውቃል። በመስታወቱ ፊት የተቀመጠ ሰው የሚያየው ቃል ብቻ ነው።

ቅጽል ስም ደግሞ እንደምናስበው ሙሉ ጭምብል አልነበረም። በላቲን ፊደል አማርኛ ስንጽፍ «ጠ»ን በ«ኤክስ» የሚጽፈው ቁቤ የተማረ መሆኑ ይታወቅበታል፤ በ«ቲ» የሚጽፈው ሌላ ትምህርት ቤት የተማረ ነው። በቃል ንግግር የአነጋገር ዘዬ አገርን እንደሚያሳብቅ ሁሉ፣ በጽሕፈትም የፊደል አመራረጥ አገርን አሳበቀ። እኔም በመጀመሪያ በሰፈሬ ስም ተቀለደብኝና ተደሰትኩ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ግን በአንድ የከረረ የፖለቲካ ክርክር ውስጥ ስገባ፣ አንድ ሰው ሐሳቤን ትቶ «የየት እንደሆንክ በአጻጻፍህ ታውቋል» አለኝ። ያው «ሲ» ነበረች። ትናንት ያሳቀን ፊደል ዛሬ መታወቂያ ሆኖ ተጠየቅሁበት።

«ዋርካ» በ1998 ዓ.ም. ከሌሎች ድረ ገጾች ጋር ለአገር ውስጥ አንባቢ ተዘጋ። ሰኔ 2010 ዓ.ም. መንግሥት 264 ድረ ገጾችን መክፈቱን እስካስታወቀበት ጊዜ ድረስ ብዙዎች እንደ ተዘጉ ቆይተዋል። በዚህ መካከል በ2004 ዓ.ም. «ዞን ዘጠኝ» የተባለ የጦማሪያን ስብስብ ተነሣ። ስሙ ራሱ ቀልድ ነበር። የቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስምንት ዞኖች ነበሩት፤ ዘጠነኛው ሁላችንም ያለንበት አገር ነው ማለታቸው ነው። ከእነሱ ስድስቱ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ታስረው በፀረ ሽብር ሕግ ተከሰሱ። ከፊሎቹ በ2007፣ ሌሎቹም በ2008 ዓ.ም. ተፈቱ። ለማያውቁት ሕዝብ የተነገረ ቀልድ ዋጋ ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም። በጨለለቂ የቀልድ ዕዳ አንድ ብርሌ ነበር።

6. ያልተከፈለ ብርሌ

እስካሁን በእኔ ላይ ስለደረሰው ተናግሬያለሁ። ያደረስኩትን ሳልናገር ባልፍ ግን ጽሑፉ ሐቀኛ አይሆንም።

ከነቀምት ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ላይ አንገር ጉትን ይገኛል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌሎች አካባቢዎች የተነሡ ብዙ ቤተሰቦች በዚያና በሌሎች የወለጋ ቦታዎች እንዲሰፍሩ ተደርገዋል። በዚያው እኔ በምገባበት መድረክ ላይ አንድ ተሳታፊ ከእነዚህ ቤተሰቦች መወለዱን፣ ወለጋ ተወልዶ ማደጉን ጽፎ፣ «የአገሬ ልጅ» ብሎ ሰላምታ አቀረበልኝ። እኔ በዚያ ቀን ተጨዋች ነበርኩ፤ አንባቢም ነበረኝ። የወላጆቹን አመጣጥ ከእርዳታ ስንዴ ጋር አያይዤ አንድ ቀልድ ጻፍኩ። ቀልዱን እዚህ አልደግመውም። ብዙ ሰው ሳቀበት፤ ማለትም መሳቁን ጻፈ። ሰውዬው ግን አልመለሰም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልመለሰም። በዚያ ቅጽል ስም ዳግመኛ አላየሁትም።

ሦስቱንም ደንቦች ጥሻለሁ። እንግዳው ገና የመጀመሪያ ብርሌውን አልጨረሰም ነበር። በራሴ ላይ አልቀለድኩም። ካሣም አልከፈልኩም። ያን ቀልድ በአክስቴ ቤት ተናግሬው ቢሆን ኖሮ ገና ሳልጨርሰው የሽማግሌው ክርን ጎኔን ይነካኝ ነበር። በመድረኩ ላይ ሳቂ እንጂ ክርን አልነበረም። ሳቁም ፊት የሌለው ስለሆነ ማን ከልቡ እንደሳቀ፣ ማን አፍሮ እንዳለፈ ማወቅ አልቻልኩም። ዝምታ በጠጅ ቤት ይሰማል፤ በዚያ መድረክ ላይ ግን ዝምታ ምንም ምልክት የለውም።

ይህን የማነሣው ራሴን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ብዙ ሰላማዊ ሰዎች፣ ከአንድ ወገን ብቻ ሳይሆን ከተለያዩ ወገኖች፣ ተገድለዋል፤ ተፈናቅለዋል። ቀልድ ገደላቸው አልልም። ነገር ግን ሰውን በመጣበት ቦታ ብቻ የመጥራት ልማድ ከሳቅ ጋር ሲመጣ ማንም እንደማያቆመው አውቃለሁ፤ እኔ ሳደርገው ማንም አላቆመኝምና።

ከታህሳስ መጨረሻ እስከ መጋቢት 2012 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በምሥራቅ ወለጋ ዋና ዋና ከተሞች ድምፅና አጭር መልእክት ብቻ ቀርቶ ኢንተርኔቱ ተዘጋ። እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ነቀምት የቀረው የአክስቴ ልጅ ሲደውልልኝ ወሬው ሁሉ «ተብሎ ነው» የሚል ነበር። «ቀልድስ የለም እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ወንድሜ፣ ቀልድ እኮ የሚሰማው ሰው የት እንደተቀመጠ ስታውቅ ነው» አለኝ። የአክስቴን የደርግ ዘመን ቃል የሰማሁ መሰለኝ። በዚያው ዓመት የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለቃል ቅጣት ወሰነ። ሕጉ አስፈላጊ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ የሚደረግ ነው። እኔ የምለው መዝጋትም ሆነ መቅጣት የሦስተኛውን ሰው ወንበር አይሞላም ነው። የአክስቴ ዳኝነት ቀልዱን አያስቀርም ነበር፤ ቀላጩና ተቀያሚው በነጋታው በአንድ አግዳሚ እንዲቀመጡ ያደርግ ነበር እንጂ።

7. መደምደሚያ

ከላይ ከቀረበው ሁለት ነገሮችን ማጠቃለል ይቻላል። አንደኛ፣ ከማያውቁት ሰው ጋር መቀለድና ሐሳብ መለዋወጥ በአገራችን ረጅም ታሪክ አለው። አለቃ ገብረ ሐና በስማቸው፣ አዝማሪው በድምፁ፣ አስቴር ጋኖ በስብስቧ፣ ጋዜጣው በአዘጋጁ፣ «ዋርካ» በስያሜው ይህን ታሪክ ተሸክመዋል። ሁለተኛ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ የተለወጠው የሰው ጠባይ ሳይሆን የተቀማመጡ ሁኔታ ነው። ሦስተኛው ሰው በጠጅ ቤት አስታራቂ ነበር፤ በደርግ ዘመን ጆሮ ጠቢ ይሆናል ተብሎ ተፈራ፤ በኢንተርኔት ደግሞ ሺህ ሆኖ ሳለ የለም።

ለሥነ ቃል ተማሪዎች አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ልጨምር። ቀልድ ስንሰበስብ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ቃሉን ነው። ማን አጠገብ ማን ተቀምጦ እንደነበረ፣ ማን እንዳልሳቀ፣ ቀልዱ ካለፈ በኋላ ምን እንደተባለ አንመዘግብም። ሳቁን ብቻ ሳይሆን ዝምታውንም ብንጽፍ የቀልድ ታሪካችን ሌላ መልክ ይኖረዋል። በኢንተርኔት የተጻፉት ጨዋታዎችም መድረኮቹ በተዘጉ ቁጥር እየጠፉ ስለሆነ፣ ሳይዘገይ መሰብሰብ አለባቸው።

አክስቴ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ጠጅ ቤቱም ተዘግቷል። በመጨረሻ ዘመናቸው አንድ ክረምት ነቀምት ሄጄ ያን የጻፍኩትን ቀልድ ነገርኳቸው። ሌላው ሰው ስቆ ነበርና ይስቃሉ ብዬ አስቤ ነበር። አዳምጠው ሲጨርሱ፣ «ታዲያ ከፈልከው?» አሉኝ። የት እንዳለ አላውቅም አልኳቸው። «እንዲያ ከሆነ ዕዳው እዚያው አለ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ይህን ጽሑፍ ያ ሰው ያነበው እንደሆነ አላውቅም። የሚያነበው ቢሆን ግን የጨለለቂው ልጅ አንድ ብርሌ እንዳለበት ይወቅልኝ።